ሰንበትና ሽርሽር

ከከተማ ወጣ ብሎ ደን ወይም ጥንታዊ ስፍራ ሲመለከት የዋለ ሰው ቀኑ በሃይማኖት ሚዛን ሲመዘን ዕረፍት ነውን ወይስ የባከነ ጊዜ? የተለመደው መልስ ተሳላሚውን፣ ማለትም በረከት ለመቀበል ወይም ስለት ለማድረስ የሚጓዘውን፣ ለማየት ብቻ ከሚሄደው ጎብኚ ለይቶ የመጀመሪያውን ያመሰግናል፤ ሁለተኛውን ይጠረጥራል። አውግስጢኖስም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ለማወቅ ሲባል ብቻ የሚያይ ዓይን ያለበትን ጉጉት ከፈተናዎች ተራ አስገብቶታል። ይህ ፍርድ ግን ሰንበትን በሚገባ ያሰበ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ጥያቄ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ለረጅም ዘመን ሲገፉ ከኖሩ በኋላ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘውንና ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የሞላበትን የመናገሻ ሱባ ደንም ይኸው ንጉሥ ከወፍ ዋሻ ደን ችግኝ አስመጥቶ እንዳስተከለው በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ በታሪክ ቢጸናም ባይጸናም፣ የዕረፍቱን ቀን ያስከበረው ንጉሥ ዛሬ ሰው ዕረፍት ፍለጋ ከሚሄድበት ጥላ ጋር አብሮ መነሣቱ ለዚህ ጥያቄ መልካም መግቢያ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ የሠራውን ሁሉ ተመልክቶ መልካም መሆኑን ካየ በኋላ ዐረፈ፤ ስለዚህ ማየት የዕረፍት ደጅ ነው ማለት ይቻላል። ተሳላሚው የሚለምነው አለው፣ ልመናውም ክቡር ነው፤ ከጽዱ ሥር ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ግን ከዛፉ የሚፈልገው ነገር ስለሌለ፣ ምናልባት በዚያች ሰዓት ለሰንበት የሚቀርበው እርሱ ነው። ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደሚቀጥለው ስፍራ የሚሮጠው ግን የሥራ ቀኑን ተሸክሞት መጥቷል፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሚነሣው እንጦጦ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ የነበረውን ተራራ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ንግሣቸው የተፈጸመባትን የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን መናፈሻ ለማየት መኪናው ዳገቱን ሲወጣ፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥማሉ። የሰንበት ትእዛዝ ደግሞ ለጌታው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ አገልጋዩን፣ መጻተኛውን፣ የጭነት እንስሳውን ሳይቀር በስም ጠርቶ እንዲያርፉ ያዝዛል። ስለዚህ የጎብኚው ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ የቆመ ከሆነ ሰንበት ሊባል አይገባውም፤ እነዚያን ሴቶች እንደ መልክዓ ምድሩ ክፍል አይቶ ማለፍም ዛፉንና ሕንጻውን ካለማየት የከፋ ዕውርነት ነው። ይህ ማለት ግን መውጣት ይቅር ማለት አይደለም፤ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከእነርሱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውምና።

ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በሶዶ ምድር ያለው ጢያ ደግሞ ተሳላሚውንና ጎብኚውን የሚለየውን ልማድ ከሥሩ ያናጋዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉት ሲሆን 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ጎራዴዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ አጠገባቸውም ፍቺያቸው በእርግጠኝነት ያልታወቀ ምልክቶች አሉ። የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ስፍራው መካነ መቃብር መሆኑን አሳይቷል። የጠራቢዎቹ ጸሎት አልተጻፈም፣ የሙታኑም ስም አልቀረም፤ በዚህ ምክንያት በእነርሱ ሥርዓት ሊሳለማቸው የሚመጣ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሙታንን ማሰብ በክርስትናም በእስልምናም ዘንድ የሕያዋን ግዴታ ከሆነ፣ ጢያ ላይ ይህ ግዴታ የወደቀው ድንጋዮቹን ከሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ቀጥሎ በዚያ ምንም ሳይለምን፣ ለማየት ብቻ በመጣው ጎብኚ ላይ ነው።