ዘግይቶ የደረሰ ዕውቀት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባለ ሲተረት ኖሯል። በሽታውን ሳይደብቅ ተናግሮ፥ ምክንያቱንም አስመርምሮ፥ መድኃኒቱን ግን ያላገኘ ሰው ምን ይባላል? ዕውቀት ዘግይቶ የደረሰ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ለጠየቀው ሰው ጥቅሙ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ግልጥ የሚያደርግ አንድ ታሪክ አለ። በኖርዌይ አገር የምትኖር አንዲት እናት ሁለት ልጆች ነበሯት። ሲወለዱ ጤነኞች ይመስሉ ነበር፤ ዕድሜያቸው ሲጨምር ግን አእምሯቸው አብሮ አላደገም፤ ከሰውነታቸውም የሻገተ ነገር የሚመስል ሽታ ይወጣ ነበር። እናቲቱ ልጆቿን በጓዳ ደብቃ በማልቀስ ፈንታ ከሐኪም ወደ ሐኪም እየዞረች ምክንያቱን ትጠይቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚመልስላት አላገኘችም። በመጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በኦስሎ የነበረው ሐኪምና የኬሚስትሪ ሊቅ አስቢዮርን ፎሊንግ የልጆቹን ሽንት በብረት ውሑድ ቢፈትነው፥ ያልተጠበቀ አረንጓዴ ቀለም አሳየ። ከዚህም ተነሥቶ ሌሎች ሕሙማንን መረመረ፤ ሁለቱን ልጆች ጨምሮ ይኸው ምልክት ያለባቸውን ዐሥር ሰዎች በዚያው ዓመት ለሊቃውንት አስታወቀ።

ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው ይህ በሽታ እንዲህ ነው። ሥጋ፥ ወተት፥ እንቁላልና ጥራጥሬ በያዙት ፕሮቲን ውስጥ ፌኒልአላኒን የሚባል ነገር አለ። ይህን የጤነኛ ሰው ጉበት ይለውጠዋል፤ በእነዚህ ልጆች ግን ሳይለወጥ በደም ውስጥ ይከማችና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። አባትና እናት ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሳሉ፥ ሁለቱም ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ለልጁ ያወረሱ እንደ ሆነ በሽታው ይመጣል፤ እንዲህ ካሉ ወላጆች ለሚወለደው ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ይህን ማወቅ አስቀድሞ የሚያነሣው የክስን ሸክም ነው። ጎረቤት «ምን በድለው ይሆን?» እያለ ሲያማ፥ ባልና ሚስትም እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ፥ በመካከላቸው በደለኛ እንደሌለ ይገለጣል። ሁለተኛም አንድ ከባድ ትምህርት ይሰጣል። እናት ከፍቅሯ የተነሣ ሳትመጥን የሰጠችው ወተት ራሱ ልጇን ይጎዳ ነበርና፥ ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ሊመራው ይገባል።

በ1953 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ፥ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ የአንዲትን ሕፃን ሁኔታ እንዳሻሻለ አስታወቁ። በ1960ዎቹም መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ፥ ከሕፃን ተረከዝ ተወስዶ በወረቀት ላይ በሚጠብ ጥቂት ደም በሽታውን የሚለይ ምርመራ አወጣ። በተወለደ በጥቂት ቀን በሽታው ታውቆ ምግቡ የተመጠነለት ልጅ፥ ዛሬ እንደ እኩዮቹ ተምሮ ሥራ ይይዛል። ለእነዚያ ለሁለቱ የኖርዌይ ልጆች ግን ይህ ሁሉ አልደረሰላቸውም።

ታዲያ የእናቲቱ ድካም ከንቱ ነበርን? ከንቱ ነው የሚል ሰው፥ የዘራ ሁሉ ራሱ ካላጨደ ዘሩ ጠፋ ብሎ የሚያስብ ነው። የዳኑት ልጆች ሁሉ ላልዳኑት ለእነዚያ ለሁለቱ ባለ ዕዳዎች ናቸው፤ የመድኃኒቱ መንገድ የተጀመረው ከእነርሱ ሕመም ነውና። ዕዳውም በሁለት ነገር ይከፈላል። አንደኛው፥ ዕውቀት ዘግይቶ የደረሰበትን ልጅ ተስፋው ያለቀ ነው ብሎ አለመጣል ነው፤ የሰው ክብር በመዳኑ አይለካምና። ሁለተኛው፥ የታወቀውን ነገር ላልደረሰው ማድረስ ነው። ምርመራው በማይደረግበት ስፍራ ይህን በሽታ ይዞ የሚወለድ ሕፃን፥ ሊቃውንት ምንም ያህል ቢያውቁ፥ ለእርሱ ዘመኑ ገና ከ1934 ዓ.ም. በፊት ነው። ያ ሕፃን ሲጎዳ የሚጠየቀው አላዋቂነት አይደለም፤ እያወቀ የዘገየ ሰው ነው።