ጠዋት የምትጮኸው ቮልስ

ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ የሚሸጥ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሳት ቮልስ ነበረችው። ቀለሟ ቢደበዝዝም ሞተሯ ዳገት አይፈራም። ኅዳር ገብቶ የእንጦጦ ብርድ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ግን ጠዋት ጠዋት ጩኸቷ ጎረቤት ይቀሰቅስ ጀመር። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ባለቤቱ ጋራዥ እስኪያደርሳት ሞተሩ ይሞቅና ጩኸቱ ይጠፋል።

የመጀመሪያው መካኒክ የተነገረውን ሰምቶ በካቻቢቴ የሚኒሞዋን ብሎን አላላት። በማግስቱም ጮኸች። ሁለተኛው ደግሞ ጨምሮ አላላት። አሁን ጠዋት ጩኸቷ ትንሽ ቀነስ አለ፤ ቀን ላይ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሰሜን ሆቴል አካባቢ መሀል መንገድ ላይ ድርግም ትልበት ጀመር። ሰውየው ሊሸጣት ቆረጠ።

ከመሸጡ በፊት አዲሱ ገበያ ወዳለ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰዳት።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ሚኒሞ አስተካክለውልኝ ባሰባት።»

«መቼ ነው የምትጮኸው?»

«ጠዋት ብቻ።»

«ታዲያ አሁን ምን አያለሁ ልጄ? እዚሁ ትደር።»

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ከመስተዋቱ ሳይደርቅ፣ አዛውንቱ የኋላ ክዳኗን ከፍተው የአየር ማጣሪያውን አወረዱ። ሰውየው ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ ረገጥ አድርጎ እንዲለቅ አዘዙት። የካርቡራተሩ የአየር መዝጊያ ተከደነ፤ የሚኒሞዋም ብሎን ደረጃ ደረጃ ካለው ብረት አናት ላይ ወጣች። አስነሧት። ጮኸች።

«እስካሁን ደህና ናት» አሉ።

ሰውየው ግራ ገባው። እውነታቸውን ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር ወፈር ያለ ነዳጅና ከፍ ያለ ሚኒሞ ያስፈልገዋል፤ ጠዋት መጮኋ ለብርዱ ተብሎ የተሠራላት ነው። የሚያሳስበው ጩኸቱ በጊዜው አለመውረዱ ነው። በካርቡራተሩ ጎን ባለው ክብ ክዳን ውስጥ ጥቅል ምንጭ አለች፤ ከቦቢናው በሚመጣ ኤሌክትሪክ ስትሞቅ ትፈታና መዝጊያውን ቀስ በቀስ ትከፍታለች። አዛውንቱ ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ደቂቃዎች ጠበቁ። ክዳኑ እንደቀዘቀዘ ነው። የመሞከሪያ አምፖል ከሽቦው ጫፍ ጋር ቢያገናኙ አልበራም። ሽቦውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ቦቢናው ሲሄዱ ማያያዣው አረንጓዴ ዝገት በልቶት አገኙት።

ቆረጡት፣ ፋቁት፣ በአዲስ ማያያዣ አሰሩት። ብዙም ሳይቆይ ክዳኑ ሞቀ። ነዳጅ ሰጠት ሲያደርጉ ብሎኗ አንድ ደረጃ ወረደች፤ ደገሙ፣ ሌላ ወረደች። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሁለቱ መካኒኮች ያላሏትን ብሎን መልሰው አጠበቁ። ካንዴላዎቹንም አውጥተው ጥቀርሻቸውን ጠረጉ። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር መዝጊያው እንደተከደነ ከቀረ ሞተሩን ቤንዚን ያፍነዋል።

እንደዚያች ቮልስ ሁሉ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲረብሽ፣ ሲጣላ፣ ሲያለቅስ የሚገኝ ልጅ አለ። ክሱ ወላጅ ዘንድ የሚደርሰው ማታ ነው፤ ያኔ ልጁ ሞቋል፣ ተረጋግቷል፣ የሚታይ ነገር የለውም። ቢሆንም ይገረፋል። መምህሩም በበኩሉ ያጠብቅበታል። ልጁ ዝም ይላል፤ ግን ዝምታው ቀኑን ሙሉ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ተጠይቆም አይመልስም። ያን ጊዜ «ጨዋ ሆነ» ይባላል። እኔ ይህ ጨዋነት አይመስለኝም። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ከምትወርድ እናቱ ጋር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ እንደነበር፣ ወይም ባዶ ሆዱን እንደመጣ ማን አየ? የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረባቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያዞራቸውን ልጆች ጠዋት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ባይኖሩ ይጀመር ነበር ብዬ አላስብም። ግን ረሃብ ብቻ አይደለም ልጅን የሚያስጮኸው።

የጉለሌ ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ልጁን ከመቅጣታችሁ በፊት አንድ ጠዋት ቀድማችሁ ተነሡና ከቤቱ ደጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብራችሁት ሂዱ።