በትከሻህ ያለው ነጠላ

እሑድ ረፋድ ሽሮ ሜዳ ነጭ በነጭ ነው። ከእንጦጦ ማርያምና ከራጉኤል አስቀድሶ የሚመለሰው ምእመን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቁልቁለቱን ይሞላዋል። ነጠላውን የሠራው ሰው ሩቅ አይደለም። ቀሚስና ጥበብ ከተሰቀለባቸው ሱቆች ጀርባ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውለው ጎረቤትህ ነው። ስሙን ታውቀዋለህ? አታውቀውም። «ዶርዜው» ትለዋለህ። ዶርዜ በጨንቻ ደጋ ያለ፣ የጋሞ ወገን የሆነ ሕዝብ የተከበረ ስም ነው። አንተ ግን ሸማ የሚሠራውን ሁሉ፣ እዚሁ ጉለሌ የተወለደውንም ጭምር፣ በዚህ ስም ትጠራለህ፤ ስትጠራውም ከንፈርህን አጣመህ ነው።

ይህን ለንስሓ አባትህ ነግረህ ታውቃለህ? ጾም ሽረህ እንደሆነ ትናዘዛለህ። ቅዳሴ አቋርጠህ ብትወጣ ያስጨንቅሃል። 55ቱን ቀን ጾመህ በፋሲካ ማግስት «ልጄን ለሸማኔ አልሰጥም» ስትል ግን ኃጢአት የሠራህ አይመስልህም፤ ወግ የጠበቅህ ይመስልሃል። ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ጌታን የጠየቀው ሕግ ዐዋቂም እንዳንተ ወግ ያለው ሰው ነበር። የተመለሰለት ግን ወገኑ በሚንቀው በአንድ ሳምራዊ ምሳሌ ነው። ያ መልስ ላንተም ነው።

በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብሎ መስደብን ከልክለዋል፤ የተሳደበም እንዲታሰር አዝዘዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የንጉሥ አዋጅ ያልመለሰውን አፍ፣ በየሳምንቱ የምትሰማው ወንጌልም አልመለሰውም!

ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችህን አስብ። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሊያበሥራት ሲመጣ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል ነበር። ሥዕሏን ስትሳለም በእጇ ያለውን ፈትል አላየኸውም? ወታደሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበት የጌታ ቀሚስ ስፌት የሌለው፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበር፤ ያን የሸመነ እጅ ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። እዚሁ ጉለሌ በስሙ የተጠራ ሆስፒታል ገብተህ ትታከማለህ፤ የእጅ ሙያተኛ ልጅ ልጅህን ለትዳር ሲጠይቅህ ግን ሰባት ቤት ድረስ ትቆጥራለህ።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። በአንድ የጥምቀት ሰሞን ከሠሪው ከራሱ ነጠላ ስገዛ ዋጋ ላስቀንስ ብዬ «ለዚህች ጨርቅ?» ብያለሁ። ሰውየው አልመለሰልኝም። አጣጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ጣቶቹን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ነጠላ ለብሼ ታቦት ሸኝቼበታለሁ።

ስለ ሕፃናቱም ዝም አልልም። ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ ከጋሞ ደጋ መጥተው፣ በየጓዳው ማግ ሲያዳውሩና ሲሸምኑ የሚያመሹ ልጆች አሉ። የምትገዛው ጥለት የረከሰው በምን ይመስልሃል? አሠሪያቸው ራሱ ሸማኔ ነው ብለህ አታምልጥ። እርሱም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቅበታል፤ አንተ ደግሞ ሃምሳ ብር ላስቀንስ ብለህ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር የዋልህበት ቀን አለ። ነጋዴው ትርፉን አይነካም። የሚቀነሰው ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ሰው ነው፤ እርሱም ከልጁ እንቅልፍ ይቀንሳል።

በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርስ እንድንሳለም ሲያዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ እንነሣለን። አጠገብህ የቆመው ያ የናቅኸው ሰው ቢሆንስ? ነጠላው ከነጠላህ አይለይም፤ ሁለቱም ምናልባት ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። በዚያች ሰዓት አጎንብሰህለት፣ በር ላይ ስትደርስ በስድብ ስም ከጠራኸው፣ የነሣኸው እጅ ፍርድ ይሆንብሃል።

መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ካሰበ፣ መባውን አስቀምጦ ወደ ዕርቅ እንዲሄድ ጌታ አዟል። ወንድምህ ተቀይሟል። ስላልነገረህ ያልተቀየመ አይምሰልህ።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ዳገቱን ከመውጣትህ አስቀድመህ ከሱቆቹ ጀርባ ግባ። ስሙን ጠይቀው። ያስቀረህበትን ዋጋ ክፈለው። ስለ ስድቡ ይቅር በለኝ በለው፤ እንቢ ቢልህም ሌላ ቀን ተመለስ። ከዚያ ወደ ንስሓ አባትህ ሂድና ዕድሜህን ሙሉ የዘለልኸውን ይህን ኃጢአት ሳታለሳልስ ንገራቸው።