ማንም ያልተጫወተበት መጫወቻ

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ የነበረው የኬነር ኩባንያ፣ ከ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነውን የቦባ ፌትን ምስል፣ ከጀርባው ትንሽ ሮኬት እንዲያስወነጭፍ አድርጎ ሠራው። ሆኖም ሮኬቱ የሕፃናትን ጉሮሮ ይዘጋል ተብሎ ስለተፈራ ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። ከናሙናዎቹ አንዱ በ2024 በሐራጅ 525,000 ዶላር አወጣ።

የልጅነት ናፍቆቱን በገንዘቡ የሚያስታግስ ሰው አይነቀፍም። ነገ ዋጋው ይንራል በማለት ብቻ ምስሉን ከነማሸጊያው ቆልፎ የሚያኖር ግን፣ ከሚወደው ሰው ያርቀዋል፤ ራሱም አይደሰትበትም። ገበያ የሚመዝነው ብርቅነትን እንጂ ደስታን አይደለም። እጁ የተሰበረ፣ ቀለሙ የለቀቀ መጫወቻ በሐራጅ ፊት ከንቱ ነው፤ የተሠራበትን ጉዳይ የፈጸመው ግን እርሱ ነው።