ባዶ አገልግል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለሱ ቤታችሁን እስቲ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ከእናት፣ ከአያት ወይም ከአክስት እጅ የወጣ አንድ ነገር አይጠፋም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የታጠፈ ጋቢ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ የሰሌን መስገጃ ሊሆን ይችላል። እሱን ስታዩ ልባችሁ ላይ የሚመጣው ናፍቆት ነው፤ አይደል? የዛሬው ጥያቄዬ ስለዚህ ናፍቆት ነው። ያለፈውን መናፈቃችን ለአላህ የምናቀርበው ሹክር ነው? ወይስ ሹክር መስሎ የሚያታልለን ነገር?

የምጠይቀው ከራሴ ተነስቼ ነው። ልጆች ሳለን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ፣ ወደ እናቴ አገር እንሄድ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጠናል። ጣርማ በር ላይ ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ አውቶቡሱ ውስጥ ያለን ልጆች ሁሉ እንጮኻለን። ከዚያ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሹራባችንን እያወለቅን እናቴ ጭን ላይ እንቆልላለን። ከሚሴ ላይ አዛን ስንሰማ ደግሞ አባቴ «በሉ ደረስን» ይለናል፤ ኮምቦልቻ ገና እየቀረን።

በዚያ ሁሉ መንገድ ከእናቴ እግር ሥር የማይጠፋ አንድ አገልግል ነበር። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ ውጭው ቆዳ የተለበጠ፣ በጠፍር የሚታሰር። የሰፉት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስንሄድ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይዞ ይሄዳል፤ ስንመለስ አክስቴ በሶና ዳቦ ሞልተው ይመልሱታል። በእሳቸው ቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነበር።

እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ ያን አገልግል ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የገባ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። ፎቶ አንስቼም ስለ እናቶቻችን ጥበብና ስለዚያ ደግ ዘመን ረዘም ያለ ነገር ጻፍኩበት። ብዙ ሰው ወደደው።

እህቴ ግን አንብባው ሳቀች። «አንተ ዋሻውን ታስታውሳለህ» አለችኝ። «እኔ የማስታውሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከእማ ጋር ተነስቼ ያንን ዳቦ ቆሎ ስቆላ ነው። አንተ ተኝተህ ነበር።»

ወዳጆቼ፣ ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ናፍቆት መራጭ ነው። ጣዕሙን ያስቀርና ድካሙን ይጥላል። «ድሮ ሁሉ ነገር በእጅ የሚሠራበት ዘመን ደግ ነበር» ስንል የማን እጅ እንደነበረ አንጠይቅም። በወስፌ የተወጋው ጣት፣ እንዝርት ስታሾር ያመሸችው እናት፣ ወንድሞቿ ሲጫወቱ ጭስ ውስጥ የቀረችው እህት ከትዝታችን ውጭ ናቸው። ለሠራ ሰው ድካሙን መርሳት፣ እያሞገሱትም ቢሆን፣ ሐቁን ማጉደል ነው። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጃሕሽ (ረ.ዐ) በገዛ እጃቸው እየሠሩ ሶደቃ ይሰጡ እንደነበር ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጇ የረዘመው እንደሆነች ሲናገሩ፣ ሌሎቹ እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ኋላ ግን ቀድመው የተከተሏቸው ዘይነብ ሆኑ፤ ርዝመቱም የልግስና እንደነበር ታወቀ። አያችሁ፣ የዘይነብ እጅ ሲወሳ ሥራውም አብሮ ይወሳል።

ታዲያ ናፍቆት ጥፋት ነው? አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ሶሓቦች አገራቸውን ናፍቀዋል። እሳቸውም አልወቀሷቸውም፤ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው አላህን ለመኑ። ሰው ያደገበትን መውደዱ ከተፈጥሮው ነው። ጥያቄው ናፍቆቱ ወዴት ይወስደናል የሚለው ነው።

ፎቶው በወጣ ሳምንት ለአክስቴ ደወልኩ። የጎረቤት ልጅ ስለ ፎቶው ነግሯቸው ኖሯል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ራሳቸው አላዩትም።

«አገልግሌን ሰቀልከው አሉኝ። ምን አስገባህበት?» አሉ።

«ምንም። ለጌጥ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አገልግል ባዶውን ይሰቀላል እንዴ ልጄ? ሞልተኸው ና እንጂ።»

እሳቸውን ካየሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰባት ዓመት! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አክስት፣ የእናት እህት፣ በእናት ቦታ እንደሆነች የተናገሩትን ሐዲሥ ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬዋለሁ። ሐዲሡን ሳስተምር በእናቴ ቦታ ያሉት ሴት እኔን እየጠበቁ ነበር። እኔ ደግሞ ስፌታቸውን እየናፈቅኩ ነበር።

በሱረቱ-ነሕል አንቀጽ 80 ላይ አላህ (ሱ.ወ) ጸጋዎቹን ይቆጥርልናል። ቤቶቻችንን ማረፊያ አደረገልን። ከእንስሳት ቆዳ በጉዞ ቀን የሚቀሉ ድንኳኖችን ሰጠን። ከሱፋቸውና ከፀጉራቸውም የቤት ዕቃና መጠቀሚያ እንድናገኝ አደረገን። ቤት፣ መንገድና የእጅ ሥራ በአንድ አንቀጽ ውስጥ! መጨረሻው ላይ ግን «ኢላ ሒን» የሚል ቃል አለ፤ እስከ ጊዜ ድረስ ማለት ነው። ዕቃው ያረጃል፤ የሠራው እጅም ይደክማል። ስለዚህ ጸጋውን ማመስገን ያለብን ጊዜው ሳያልቅ ነው።

እንዴት እንደሚመሰገን ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሳይተውናል። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ካለፉ ከስንት ጊዜ በኋላ እንኳ ስማቸውን አብዝተው ያነሱ ነበር። በማንሳት ብቻ አላበቁም። በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለኸዲጃ ወዳጆች ይልኩላቸው ነበር። ናፍቆታቸው ሥጋ ሆኖ የሰው ደጃፍ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ) በመካ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አገኙ። የሚቀመጡበትን አህያና የራሳቸውን ጥምጥም አውርደው ሰጡት። አብረዋቸው የነበሩት በጥቂት ነገር የሚደሰት ሰው ነው ብለው ሲገረሙ፣ ምክንያቱን ነገሯቸው፤ የሰውየው አባት የአባታቸው የዑመር ወዳጅ ነበር። ከበጎነት ሁሉ የላቀው አባት ይወዳቸው የነበሩትን መቀጠል እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ነበርና። አባቱን የናፈቀ ሰው በመንገድ ላይ የሚያደርገው ይህን ነው።

«ኡስታዝ፣ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ትራንስፖርቱ ውድ ነው፤ ሁሌ ሰላም የማይሆንበት ጊዜም አለ። ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን እንደልቧ መምጣት አትችልም። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ግን በሐቅ እንነጋገር፤ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን መንገዱ የከለከለን? ስንቶቻችንስ ነን መደወል እያለብን ፎቶ በማየት የረካን? ፎቶው አይጠይቀንም፣ አይታመምብንም፣ ብድር አይለንም። አክስት ግን ትጠይቃለች። ትዝታን መውደድ ሰውን ከመውደድ የሚቀለው ለዚህ ነው።

በዚሁ ሱራ አንቀጽ 92 ላይ ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ በምትበጣጥስ ሴት ተመስሎልናል። አንቀጹ ቃል ኪዳንን ስለማፍረስ ነው። ዝምድናም አላህ እንዲቀጠል ያዘዘው ኪዳን ነው። እናቶቻችን በዚያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ስንቅ የፈተሉት ዝምድናን ነበር። ጋቢውን በሳጥን አስቀምጠን ዝምድናውን ከበጠስን ማንን ነው ያከበርነው?

በዒድ ሄድኩ፣ አልሐምዱሊላህ። እህቴ «ዘንድሮ አንተ ቁላው» ብላኝ ዳቦ ቆሎውን ራሴ ቆላሁት፤ ግማሹ አረረ። አክስቴ አገልግሉን ተቀብለው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ክዳኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ይቺ የእኔ ስፌት አይደለችም» አሉ። «የእህቴ ናት። ተቀዶባት ጠግናዋለች።»

ስንት ጊዜ አይቼው፣ ፎቶ አንስቼው፣ ስለ እሱ ጽፌ፣ የእናቴ እጅ እዚያ ላይ እንዳለ አላወቅኩም ነበር። የነገሩኝ ዓይናቸው የማያይ ሴት ናቸው። ባልሄድ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?

ስንመለስ ሞልተው ሰጡኝ። አሁን ግድግዳው ባዶ ነው። አገልግሉ ወጥ ቤት ነው ያለው።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን ቅሩ፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ፤ ከመግሪብ በፊት ደግሞ የዚያን ዕቃ ባለቤት ፈልጉ። በሕይወት ካለች ደውሉላት፤ ከቻላችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። ወደ አኼራ ከሄደች ዱዓ አድርጉላት፣ ሶደቃ አውጡላት፣ የምትወዳቸውን ጠይቁላት። አላህ በሱረቱል በቀራ ስንቅ ያዙ ሲለን ከስንቅ ሁሉ በላጩ ተቅዋ እንደሆነ ነግሮናል። ዝምድናን መቀጠልም ከዚሁ ስንቅ ነው።

ያ አላህ! በእጃቸው ያሳደጉንን ማርልን፤ በሕይወት ያሉትን ሳይረፍድብን የምንኻድማቸው አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!