አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም

ልጄ፣ ነገረ መለኮትን በራስህ ጊዜ እያነበብክ መሆኑን፣ በግብርና ሙያህም ትምህርትህን ለመቀጠል ማሰብህን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። በአርሲ ደጋ የእኛ የካቶሊክ ምእመናን ቁጥር ጥቂት ነው። ካህኑም ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ስለሚውል የእያንዳንዳችንን ጥያቄ ቁጭ ብሎ የሚያብራራበት ፋታ የለውም። ቀን በስንዴ ማሳ ከገበሬ ጋር ውሎ፣ ማታ የጭላሎ ብርድ ሲወርድ ጋቢውን ደርቦ መጽሐፍ የሚከፍት ወጣት አሰላ ላይ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በርታ። ነገር ግን መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላልና የምልህን ስማኝ። ምክሬ አንድ ነው፤ ለብቻህ አንብብ፣ ለብቻህ ግን አትደምድም።

ንባብን ፈርቼልህ አይደለም። አንዳንዱ ሰው መጽሐፍ ማገላበጥ የካህናት ሥራ ነው፣ ምእመን ጸሎቱን ያድርስ ይልሃል። አትስማው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቤተክርስቲያን ሕግ በቀኖና 229 ምእመናን ክርስቲያናዊውን ትምህርት እንደየአቅማቸው ማወቅ መብታቸውም ግዴታቸውም እንደሆነ ይደነግጋል። ከፍ ብሎ መማር የሚሻውም በቤተክርስቲያን ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ እስከ ዲግሪ መድረስ እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ መጽሐፍ ስትከፍት የሌላ ሰው ድርሻ እየነካህ ነው የሚል ሐሳብ አይግባህ።

ያ ጃንደረባ ትዝ ይበልህ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ የአገሩ ንግሥት የገንዘብ ሁሉ ኃላፊ ነበር። በዛሬው አነጋገር ባለሙያ ነው፤ ሒሳብ ያውቃል፣ ሹመት አለው፣ ሠረገላ አለው። ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ሲመለስ በመንገድ ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበው ይገባሃል ወይ ሲለው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል አለና ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ያን ያህል ሹመት ያለው ሰው መንገድ ላይ ላገኘው እግረኛ አላውቅም ማለቱን ልብ በልልኝ። እኔ ከዚያ ታሪክ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ፊልጶስ ባይመጣ ያ ሰው አገሩ እስኪገባ ያንኑ ገጽ ሲያነብ በቆየ ነበር።

አንተን የሚያሰጋህ ስንፍና አይደለም፤ እሱ የለብህም። የሚያሰጋህ ችኮላ ነው። ሁለት ምዕራፍ አንብቦ በሦስተኛው ቀን ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያስተምር ብዙ አይቻለሁ። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ሰው ሲያጨበጭብልህ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ጉባኤ ፊት ከመቆምህ በፊት ያነበብከውን ከአንተ ለሚበልጥ ሰው አሰማ። ያርምህ። መታረም ለአንድ ቀን ፊትን ያቀላ ይሆናል፤ ሳይታረሙ ማስተማር ግን ሌሎችንም ይዞ ይሄዳል።

ላለመቸኮል ምሳሌ አድርጌ ከአገራችን ሰዎች የምጠቅስልህ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ጎጃም ውስጥ ተወለዱ፤ የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡት ገና በልጅነታቸው ነው። መርጡለ ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ። የምንኩስናውን ሥርዓት ከሥሩ ለማወቅ ጽኑ ፍላጎት አደረባቸውና መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም፣ እስከ ጎንደርም ድረስ ዞሩ። የብራና መጽሐፍ እንደዛሬው በስልክ የሚላክበት ዘመን አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ ለማየት የቀናት መንገድ በእግር ይኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄዱ፤ በዚያው ጉዞ ሮምንም አዩ። አብረዋቸው የነበሩት አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ናቸው። ሁለቱ በመንገድ ብዙ ተወያዩ፣ ብዙ ተከራከሩ። ይሁንና አባ ገብረ ሚካኤል ወዲያው አልወሰኑም። ከዚያ ጉዞ በኋላም ዓመታት አልፈው፣ መርምረውና ጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ዕድሜያቸው ያኔ ከሃምሳ በላይ ነበር። ቅስናን የተቀበሉት ደግሞ በ1851 ነው። በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

እኚህ ሰው በዘመናቸው በዕውቀት የተከበሩ ነበሩ። ለብቻቸው ተቀምጠው ሊደመድሙ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በኋላ ሞት የመጣበትን ውሳኔ ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ጋር እየተነጋገሩ ደረሱበት፤ ሲደርሱበት ግን ሰንሰለት አላስለቀቃቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የእሳቸው ትጥቅ በሩጫ የታጠቀ አልነበረም።

ከአባ ገብረ ሚካኤል ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ደግሞ የወሎው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ካቶሊካውያን በተሰደዱበት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ወጥተው ሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን ኋላ ባለው የሐበሾች ማረፊያ ተቀመጡ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻውን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1649 እዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ብልህ ሰው ነበር፣ ለብልህ አይነግሩም ይባላል፤ ቢሆንም የመጽሐፍ ዕውቀቱ እንዳልበቃው ገባው። ከእሳቸው እግር ሥር ተቀመጠ፣ በ1652ም ጀርመን ድረስ አስመጣቸው። እሱ በኋላ ያሳተማቸው የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያ ታሪኩም ጭምር፣ የዚያ ወዳጅነት ፍሬዎች ናቸው። አውሮፓዊው ሊቅ የእኛን መነኩሴ መምህር አድርጎ ለመቀበል ካላፈረ፣ አንተ በዕድሜ የሚበልጥህን ካቴኪስት ለመጠየቅ አትፈር።

አሁን ወደ ሙያህ ልምጣ። አሰላ የግብርና ከተማ ናት። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1966፣ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅትም በ1967 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የአርሲ ገበሬ ከባለሙያ ምክር ሲሰማ ኖሯል። ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ታውቀዋለህ። ምርቱ ጥሩ ስለነበር ገበሬው ወደደው፣ ባለሙያውም ዝራው አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ መጣ። ቅጠሉ ላይ እንደ ስፌት ተሰድሮ የሚወጣውን ቢጫ መስመር በጣትህ ስትዳብሰው ዱቄቱ እጅህ ላይ ይቀራል። በዚያ ዓመት ማሳው ውስጥ የተመላለሰ ሰው ሱሪው ቢጫ ሆኖ ይወጣ ነበር። ኩብሳ አልቻለውም። ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ በ2013 እና 2014 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን መታው። ስንዴው ያው ስንዴ ነው፤ የተለወጠው የዋጉ ዝርያ ነበር። ኮሌጅ በተማረው ብቻ ኩብሳ ጥሩ ነው እያለ የቀጠለ ባለሙያ ቢኖር አልዋሸም፤ ዕውቀቱ ግን ገበሬውን ከነልጆቹ ያስርባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ የስንዴ ዝርያ በአንድ ተመራማሪ ቃል አይለቀቅም። በልዩ ልዩ ቦታ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ወቅት ይዘራል፤ ከዚያ ሌሎች ባለሙያዎች ማሳው ድረስ ሄደው ይገመግሙታል። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ያሉት አባቶች ቁሉምሳን ሳያዩ ነው። እምነት እንደ ዋግ በየዘመኑ ይለወጣል ማለቴ እንዳይመስልህ። እምነቱ ጸንቶ ይኖራል፤ የእኔና የአንተ አረዳድ ግን መፈተሽ አለበት፣ የሚፈትሹት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

ምን ላንብብ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ስልክህ ውስጥ በቴሌግራም ያወረድካቸውን መጻሕፍት ለጊዜው እርሳቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ 2865 አንቀጾች አሉት፤ በአንድ ክረምት እጨርሰዋለሁ ብለህ አትነሳ። በ2005 የወጣውና በ598 ጥያቄና መልስ የተዘጋጀው አጭሩ ይቀድማል። ከእሱ ጋር የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ያወጣውን ሰነድ ያዝ። 26 አንቀጽ ብቻ ነው። በየማታው አንዱን ብታነብ ወር አይፈጅብህም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ስታነብ ጸሐፊው በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደጻፈ እንድትመረምርም ያስተምርሃል። ከዚያ ለሙያህ የሚቀርቡትን ጨምር፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ፣ ፍራንሲስ በ2015 ስለ ምድራችን እንክብካቤ የጻፏቸውን መልእክቶች። አፈር የሚታጠብበትን ኮረብታ በየቀኑ የምታይ ሰው ይህን የመጨረሻውን ከብዙ ሰው በተሻለ ትረዳዋለህ።

አነባበቡ እንዲህ ይሁን። አንድ አንቀጽ አንብብና መጽሐፉን ዝጋው። ደብተርህን አውጣና የገባህን በራስህ ቃል ጻፍ። ያልገባህን ከሥሩ በጥያቄ መልክ አስቀምጥ፤ የጥያቄውን ዳር ባዶ ተወው። ያ ባዶ ቦታ በሌላ ሰው መልስ እስኪሞላ ድረስ አንቀጹን ጨረስኩት አትበል። በእንግሊዝኛ ያነበብከውን ለአንዲት እናት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ማስረዳት ካቃተህም ገና አልገባህም ማለት ነው። አቡነ ማስያስ ከጣሊያን መጥተው የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ያሳተሙት ሕዝቡ በሚናገረው ልሳን ካልሆነ ትምህርቱ እንደማይደርስ ስላወቁ ነው።

ጠያቂህ ማን ይሁን? ካህኑ አለ፤ ሲመጣ ያንተ ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቀው። ደናግል አሉ። አዲስ አበባ የካፑቺን ፍራንሲስካን የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ተቋም አለ፤ ለስብሰባ ስትሄድ ጎራ ብለህ ምን እንደሚያነቡ ጠይቅ። ሁለት ሦስት ጓደኛ አብሮህ ቢያነብ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ለሙያህም እንዲሁ አድርግ፤ ከቁሉምሳ አንድ አንጋፋ ባለሙያ፣ ከቀበሌው አንድ አዛውንት ገበሬ ያዝ። አዛውንቱ ስለዚያ ማሳ የሚነግርህን በየትኛውም መጽሐፍ አታገኘውም።

ሁለቱ ትምህርት ጊዜ ቢሻሙብህ የቱን ላስቀድም ትለኝ ይሆናል። ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ለጊዜው የነገረ መለኮቱን ቀንስ። ደመወዝ የምትበላው ለገበሬው ነው። የዋግ ወቅት ደርሶ ገበሬው እየጠራህ አንተ ቤት ተቀምጠህ ስለ ፍቅር የምታነብ ከሆነ ንባቡ አልገባህም። የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን መሥራች፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ቅዱስ የተባሉት ዮሴፍ አላማኖ፣ መንፈሳዊ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ መልካሙን ሥራ በመልካም ሁኔታ፣ ያለ ጩኸት እንዲሠሩት ያሳስቡ ነበር። ልጆቻቸው በእኛው ደጋ ጋምቦ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ተቀብለው አክመዋል፤ ቦታው ኋላ ለሁሉም የሚሆን ሆስፒታል ሆነ። ቁስል ማጠብ ንባቡ በተግባር የሚታይበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። በአርሲ አብዛኛው ጎረቤትህ ሙስሊም ወይም ኦርቶዶክስ ነው። ያነበብከውን የክርክር ዱላ አታድርገው። እናትህ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጣች ናት፤ ጾሟንና ማኅሌቷን አክብርላት። ሙስሊሙ ጎረቤትህም ለቅሶህ ላይ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በንባብ ምክንያት ቤትህ ውስጥ ቁጡ፣ ደጅ ላይ ትሑት ሆነህ እንዳላይህ፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ መባል ለሚያነብ ሰው ነውር ነው።

እናንተም የእድሜ እኩዮቼ፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ነርሶችና ካቴኪስቶች፣ በየሳጥናችሁ አቧራ የሚጠጡ መጻሕፍት እንዳሏችሁ አውቃለሁ። አውጧቸውና ለእነዚህ ልጆች አውሱ። ስታውሱም የሚዋሰው ልጅ ሲመልስ ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ የሚጠይቀው አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ያን ዕለትም በራችሁን ክፈቱለት።