ስለ ተውሶ ፍርድ

ሰው ከጎረቤቱ ወንፊት ቢዋስ ነውር የለበትም፤ ዱቄቱን ነፍቶ ይመልሳልና። የሌላውን ፍርድ ተውሶ «የራሴ ነው» የሚል ሰው ግን ከሐሰተኛ ምስክር በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ የማነሣው የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳስተምር ከሠራሁት ስሕተት የተነሣ ነው።

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ «ያላየኸውን አየሁ አትበል» እያሉ ይመክሩን ነበር። መምህር ከሆንሁ በኋላ ግን ተማሪዎቼን ያላዩትን አየን እንዲሉ አስተማርኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1985 ዓ.ም. የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» እናነብ ነበር። ይህ ተውኔት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1599 ገደማ የተጻፈ ሲሆን፥ ብሩተስ ለሮማ ነጻነት ሲል ወዳጁን ቄሣርን እንደ ገደለ፥ አንቶኒም በሬሳው ፊት ተናግሮ ሕዝቡን እንዳስነሣ ያሳያል። ቋንቋው ለልጆቹ ባዕድ፥ ዘመኑም ሩቅ ስለ ሆነ አዘንሁላቸው፤ የብሩተስን ጠባይ በ5፥ የአንቶኒን ብልሃት በ4 ዐረፍተ ነገር አድርጌ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁላቸው። እነርሱም ቀድተው ሸመደዱት። በፈተናው «ከእነዚህ ሰዎች አብልጦ ያሳዘነህ ማን ነው? ስለ ምን?» ብዬ ብጠይቅ፥ ከ41 ተማሪዎች 40ዎቹ «ብሩተስ ነው» ብለው የእኔኑ ዐረፍተ ነገር መለሱልኝ።

አንድ ልጅ ብቻ ስለ ሲና ጻፈ። ሲና በሦስተኛው ገቢር ለጥቂት ጊዜ ብቅ የሚል ባለቅኔ ነው። የተቆጣው ሕዝብ ስሙን ሲሰማ ከቄሣር ገዳዮች አንዱ አድርጎ ይይዘዋል፤ «እኔ ባለቅኔው ሲና ነኝ» እያለ ቢጮኽም ተረባርበው ይገድሉታል። ልጁ ያንን ገጽ እየጠቀሰ፥ ከታላላቆቹ ሁሉ ይልቅ በስሙ ምክንያት የሞተው ሰው እንዳሳዘነው ገለጸ። ከ20 4 ሰጠሁት። ምክንያቱን ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ «በማስታወሻው ላይ የለም» አልሁት።

እርሱም ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፥ አጎቴን በ1970 ዓ.ም. ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተመሳስሎ ወሰዱት፤ አልተመለሰም» አለኝ።

ዝም አልሁ። የቀሩት እንዳያጕረመርሙ ፈርቼ ማርኩንም ሳላርም ቀረሁ።

«ልጅ ከዐዋቂ ሳይማር እንዴት ይፈርዳል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ብዙ ያነበበ ሰው የሚያየውን ወጣት ላያይ ይችላል፤ ስሜትም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ነገር ግን ያ ልጅ የተሰማውን ብቻ አልጻፈም፤ መጽሐፉን አገላብጦ ምስክር አቁሞ ነበር። ትምህርትና ተውሶ የሚለዩትም በዚህ ነው። የሚማር ሰው መምህሩ ወደ ጠቆመው ስፍራ ሄዶ በዓይኑ ያያል፤ የሚዋስ ሰው ግን ካለበት ሳይነቃነቅ አየሁ ይላል።

በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ሕዝብ ተመልከቱ። ብሩተስ ሲናገር ብሩተስን አመሰገነ፤ ወዲያው አንቶኒ ሲናገር አንቶኒን ተከተለ። ሲናን የገደለው ይህ የተውሶ ፍርድ ነው። እኔም ይህን ታሪክ ሳስተምር፥ ሰው የነገረውን ሳይመረምር የሚደግም ሌላ ሕዝብ በክፍሌ ውስጥ አሠለጥን ነበር። ነገሩ የፈተና ብቻ ቢመስልም፥ ስለ መጽሐፍ ሳያይ መመስከር የለመደ ሰው ነገ ስለ ጎረቤቱም ሳያይ ይመሰክራል።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ይባላልና፥ መጽሐፉ ከከበደህ «ይህ አልገባኝም» ብለህ ጠይቅ። የሊቃውንትንም ቃል አትናቅ፤ ነገር ግን ገጹን ገልጠህ እውነት መሆኑን ሳታይ አትፈርም።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ይህን ጽሑፍ ቢያገኘው፥ የከለከልሁትን ማርክ መመለስ ባልችል እንኳ ይቅርታዬን ይቀበለኝ።